ቴስቶስተሮን ለምን ወረደ? ከመርፌው በፊት የሚመጣው ጥያቄ

በቴሌግራም ቻናሎችና በቲክቶክ ስለ ወንዶች ጤና በአማርኛ የሚሠራጨውን ለተወሰነ ጊዜ የተከታተለ ሰው ከአንድ ቃል አያመልጥም፤ ቴስቶስተሮን። ድካም የተሰማው ሰው ቴስቶስተሮኑ ወርዷል ይባላል፤ ጡንቻ አልወጣ ያለው፣ ሆዱ የገፋው፣ ትዳሩ የቀዘቀዘበት፣ ሁሉም በዚሁ ይፈረድበታል። መድኃኒቱም ብዙውን ጊዜ ከፍርዱ ጋር አብሮ ይቀርባል፤ በእንክብል የታሸገ አብሽ፣ «ለወንዶች» የተባለ ማር፣ ደፈር ላለ ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገኝ መርፌ።

ነገሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። በፌብሩዋሪ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቴስቶስተሮን መድኃኒቶች ላይ ለአሥር ዓመት ያህል የቆየውን የልብ ሕመም ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ፣ በአንጻሩ የደም ግፊት ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አደረገ። በጁላይ 2025 ደግሞ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በሴቶች ሩጫ የቴስቶስተሮን ገደብ የሚጥለውን ደንብ በተቃወመችው በደቡብ አፍሪካዊቷ ሯጭ በካስተር ሴሜንያ ጉዳይ የመጨረሻ ውሳኔውን ሰጠ። የመጀመሪያው ዜና «ስለዚህ መርፌው ምንም አይጎዳም» ተብሎ ተተረጎመ፤ ሁለተኛው «ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው» ተባለ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ለአብዛኛው ግራ መጋባት መነሻው ቴስቶስተሮን ሲጎድል የሚሞላ፣ በሞላ ቁጥር የሚያበረታ ነገር ተደርጎ መታየቱ ነው። ሰውነት ግን እንዲህ አይሠራም።

ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው

ሆርሞን ማለት በአንድ የሰውነት ክፍል ተመርቶ በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ ላሉ ሕዋሶች መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ቴስቶስተሮን ከኮሌስትሮል የሚሠራ ሆርሞን ሲሆን፣ በወንዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ ባሉ ላይዲግ በተባሉ ሕዋሶች ነው። ሴቶችም በእንቁል እጢያቸውና ከኩላሊት በላይ ባሉት አድሬናል እጢዎች ያመርቱታል፤ መጠኑ ግን ከወንዶቹ በአሥር እጅና ከዚያም በላይ ያነሰ ነው።

ቆለጥ በራሱ ፈቃድ አያመርትም። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በየተወሰነ ጊዜ ምልክት ይልካል፤ ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ እጢ ምልክቱን ተቀብሎ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቅቃል። አንደኛው፣ በአጭሩ ኤልኤች የሚባለው፣ የላይዲግ ሕዋሶችን ቴስቶስተሮን አምርቱ ይላቸዋል። ሁለተኛው፣ ኤፍኤስኤች፣ የዘር ሕዋስ እንዲመረት ይረዳል። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስተሮን በቂ ሲሆን አንጎል ያንን አይቶ ትእዛዙን ይቀንሳል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን ሮቶ ያስብ። ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ሲወርድ አብሮ ዝቅ ብሎ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ሲሞላ ከፍ ብሎ ይዘጋዋል። አንድ ሰው ውሃ በቦቴ አስመጥቶ ሮቶውን ከላይ ቢሞላው፣ ኳሱ ውሃው ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ የቧንቧውን መስመር ይዘጋል። ከውጭ በመርፌ የሚገባ ቴስቶስተሮንም እንዲሁ ነው፤ አንጎል ከቆለጥ ከመጣው አይለየውም። ትእዛዙ ይቆማል፤ ትእዛዝ ያጣው ቆለጥ ማምረት ያቆማል፤ ቀስ በቀስም ይኮሰምናል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር መያዝ ይገባል። በቆለጥ ውስጥ ያለው የቴስቶስተሮን ክምችት በደም ውስጥ ካለው ከሃምሳ እስከ መቶ እጥፍ ይደርሳል፤ የዘር ሕዋስ የሚመረተውም በዚህ ከፍተኛ ክምችት ነው። መርፌ የደሙን መጠን ከፍ ሲያደርግ የቆለጡን ይጥለዋል። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ያማረለት ሰው መካን ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው ሥራ

የአገራችን አርቢ ይህን ሆርሞን ስሙን ሳይሰማ ለዘመናት ሲያስተዳድረው ኖሯል፤ ምንጩን በማጥፋት። ወጠጤው ከመንጋው ጋር እየተዋጋ፣ ሴት እያባረረ፣ በሩቅ የሚታወቅ ሽታውን ይዞ ይዞራል፤ ሥጋ አይዝም። ያው ፍየል ከተኮላሸ በኋላ ጠቡን ይተዋል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ስብ ይይዛል፤ ለበዓል ሙክት ተብሎ በሌላ ዋጋ ይሸጣል። ኮርማውና የእርሻ በሬውም በዚሁ ይለያያሉ። ሥራው የሚከናወነው ቆለጡን በመቁረጥ ብቻ አይደለም፤ የደም ሥሩን ከቆዳው ውጭ ቀጥቅጦ ማድረቅም ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ደም የሚገባ ነገር የለምና።

በደም ነው የሚጓዘው የሚለውን ያረጋገጠው በ1849 በጀርመን ጎቲንገን አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ምሁር ነው። የተኮላሹ አውራ ዶሮዎች ኩኩሏቸው ይደክማል፣ ጉትያቸው ይጠወልጋል፣ ጠብ ይተዋሉ። በርትሆልድ ቆለጡን ከነበረበት አውጥቶ ሆድ ዕቃቸው ውስጥ መልሶ ሲተክለው፣ የነርቭ ግንኙነቱ ተቆርጦም ቢሆን፣ ዶሮዎቹ እንደ ቀድሞው አውራ ሆኑ። ሆርሞኑ ተለይቶ ስም የወጣለት ግን በ1935 በአምስተርዳም ነው፤ በዚያው ዓመት በላቦራቶሪ ተሠራ፤ ሠሪዎቹ አዶልፍ ቡተናንትና ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

በሰው ላይ ሥራው የሚጀምረው ገና በማኅፀን ነው። ከስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ የወንዱ ፅንስ ቆለጥ ቴስቶስተሮን እያመረተ የመራቢያ አካላቱን ቅርጽ ያስይዛል። ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ለአጭር ጊዜ እንደገና ከፍ ይልና ይተኛል። በጉርምስና ሲነሣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ጢም ይወጣል፣ ጡንቻና አጥንት ይፈረጥማሉ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ይበዛል። የወንዶች የቀይ ደም ሕዋስ ልኬት ከሴቶች ከፍ የሚለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ቴስቶስተሮን ከሥራው ገሚሱን የሚሠራው ወደ ሌላ ሆርሞን ተለውጦ መሆኑ ነው። አንዱ ለውጥ ዲኤችቲ ወደሚባል ጠንካራ ሆርሞን ነው፤ ፕሮስቴትን የሚያሳድገው፣ በዘር ላለበት ሰው የራስ ፀጉርን የሚመልጠው ይህ ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳሊናስ በምትባል መንደር ሲወለዱ ሴት የሚመስሉ፣ ጉርምስና ሲደርስ ግን የወንድ አካል የሚያወጡ ልጆች እንዳሉ በ1974 በሳይንስ መጽሔት ሲዘገብ፣ ምክንያቱ ለውጡን የሚያካሂደው ኢንዛይም በውርስ መጉደሉ ነበር። ዛሬ ለፕሮስቴት እብጠትና ለራስ በራነት የሚታዘዘው ፊናስተራይድ ያንኑ ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የሴት ሆርሞን ወደሚባለው ኤስትሮጅን ነው። ለውጡ በተለይ በስብ ውስጥ ይካሄዳል። በ1994 የተዘገበ አንድ ታካሚ ኤስትሮጅን በሕዋሶቹ ላይ አይሠራም ነበር፤ ዕድሜው 28፣ ቁመቱ 204 ሳንቲ ሜትር፣ ቴስቶስተሮኑ ጤነኛ፤ አጥንቱ ግን የሳሳ፣ ማደጉንም ያላቆመ። የወንድ አጥንት እንኳ ያለ ኤስትሮጅን አይጸናም ማለት ነው። «ኤስትሮጅንን ከሰውነታችሁ አስወግዱ» የሚሉት ሻጮች ይህን ቢያውቁት ደግ ነበር።

በሴቶች በኩል ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ መጉደል ሳይሆን መብዛት ነው። የእንቁል እጢ የሆርሞን መዛባት ያለባቸው ሴቶች ቴስቶስተሮናቸው ከፍ ብሎ የወር አበባ መዛባት፣ ብጉርና የፊት ፀጉር ያስከትልባቸዋል። ይህ ሕመም በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከመቶ ስድስት እስከ አሥራ ሦስት የሚሆኑትን እንደሚነካ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል።

ጠብና ጉልበት

ከወጠጤው ወደ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ቴስቶስተሮን ሰውን ጠበኛ ያደርጋል የሚለው እምነት በእንስሳት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በሰዎች ላይ የተገኘው ዝምድና ደካማ ነው። በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የተሠራና ኔቸር መጽሔት ያወጣው ሙከራ ይህን በሚያስገርም መንገድ አሳይቷል። ሴቶች ገንዘብ በሚካፈሉበት ጨዋታ ለአንዳንዶቹ ቴስቶስተሮን፣ ለሌሎቹ ባዶ ማስመሰያ ተሰጣቸው። ሆርሞኑን የወሰዱት ይበልጥ ፍትሐዊ ድርሻ አቀረቡ። ሆርሞኑን የወሰዱ የመሰላቸው ግን፣ በርግጥ ቢወስዱም ባይወስዱም፣ ሲስገበገቡ ታዩ። ያጋጨው እምነቱ ነበር።

አንዱ ማብራሪያ ሆርሞኑ የሚያነሣሣው ጠብን ሳይሆን ክብርን መሻትን ነው የሚል ነው፤ ክብር በጉልበት በሚገኝበት በጉልበት፣ በደግነት በሚገኝበት በደግነት። ሁሉም ተመራማሪ አይቀበለውም። የበለጠ የጸናው ግኝት ተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ኑሮ ሆርሞኑን እንደሚለውጠው። በፊሊፒንስ ሴቡ ከተማ ከስድስት መቶ በላይ ወጣት ወንዶች ከ2005 እስከ 2009 በጥናት ክትትል ሲደረግላቸው፣ ቴስቶስተሮናቸው ከፍ ያለው ሚስት አግብተው አባት የመሆን ዕድላቸው ሰፋ፤ አባት ከሆኑ በኋላ ግን መጠኑ በጉልህ ወረደ። በተለይ ዝቅ ያለው ልጆቻቸውን በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚንከባከቡት ላይ ነበር። ይህ መውረድ ሕመም አይደለም። መውረድ ሁሉ ጉድለት ነው ለሚል ሰው ግን ምን ሊባል ነው?

የስፖርቱ ክርክር

በሩጫ ሜዳ ግን ቁጥሩ ራሱ ሕግ ሆኗል። የጤነኛ ወንዶች መጠን በሊትር ደም ከ8 እስከ 30 ናኖሞል ገደማ ነው፤ የሴቶች ከ2 በታች። የዓለም አትሌቲክስ በ2018 ባወጣው ደንብ፣ በተለምዶ የወንድ የሆነውን ኤክስ ዋይ ክሮሞሶም ይዘው ሴት ሆነው የተመዘገቡና ቴስቶስተሮናቸው ከፍ ያለ አትሌቶች ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ለመወዳደር መጠናቸውን ከ5 ናኖሞል በታች እንዲያወርዱ ጠየቀ፤ በ2023 ገደቡን ወደ 2.5 አውርዶ በሁሉም ርቀት ላይ ጣለው። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ በሴቶች ምድብ ለዓለም ደረጃ ውድድር የሚቀርብ ሁሉ የአንድ ጊዜ የጂን ምርመራ እንዲያደርግ ታዟል።

የደንቡ ደጋፊዎች ከጉርምስና ጀምሮ የተከማቸ ጡንቻ፣ አጥንትና ቀይ ደም ለሴቶች ምድብ ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ፤ ቀደም ብሎ ያየነው የሰውነት አሠራር ይህን ይደግፋል። ተቃዋሚዎቹ ጤነኛን ሰው መድኃኒት ውሰድ ማለት ከሕክምና ሥነ ምግባር ይጋጫል፣ ለመጀመሪያው ደንብ መነሻ የሆነው የ2017 ጥናትም ደካማ ነው ይላሉ። በዚህም መሠረት አላቸው፤ ጥናቱን ያወጣው መጽሔት በ2021 ባተመው እርማት ጽሑፉ ምክንያትና ውጤት እንደተረጋገጠ አስመስሎ ሊያሳስት ይችል እንደነበር አምኗል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደግሞ ስዊዘርላንድ ሴሜንያን ፍትሐዊ በሆነ መንገድ አልሰማቻትም አለ እንጂ በደንቡ በራሱ ላይ አልፈረደም።

ጉዳዩ የእኛንም ሯጮች ነክቷል። በሪዮ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር ሁለተኛ የወጣችው ቡሩንዲያዊቷ ፍራንሲን ኒዮንሳባ በ2018ቱ ደንብ ከርቀቷ ስትገፋ ወደ 5,000 እና 10,000 ሜትር መጥታ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር ተሰለፈች።

ወረቀቱን ማንበብ

የሚበዛው ሰው ከዚህ ሆርሞን ጋር የሚገናኘው በሩጫ ሜዳ ሳይሆን በላቦራቶሪ ወረቀት ነው። አንድ የ45 ዓመት ሰው እንበል፤ ድካም ስለተሰማው ምሳውን በልቶ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ደም ሰጠ፤ ውጤቱ በዴሲሊትር 280 ናኖግራም መጣ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ዝቅተኛውን ወሰን 300 አካባቢ ስለሚያደርጉት ቁጥሩ በቀይ ተጽፏል። ይህ ሰው ሕመምተኛ ነው?

ገና አልታወቀም። ቴስቶስተሮን በጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ምግብ፣ በተለይም ጣፋጭ፣ ለጊዜው ያወርደዋል፤ ትኩሳትና ማንኛውም አጣዳፊ ሕመምም እንዲሁ። ስለዚህ መመሪያዎች የሚሉት ከጠዋቱ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት እንዲለካ ነው። ያው ሰው በሌላ ጠዋት 390 ቢያገኝ አያስደንቅም። የመለኪያው ዓይነትም ያሳስታል፤ በዴሲሊትር 300 ናኖግራም፣ በሚሊ ሊትር 3 ናኖግራም እና በሊትር 10.4 ናኖሞል አንድ ዓይነት መጠን ናቸው። «የኔ 3 ብቻ ነው» ብሎ የሚጨነቅ ሰው መለኪያውን ሳያይ ነው የሚጨነቀው።

ከዚያ ደግሞ በደም ውስጥ ካለው ሆርሞን ነፃ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ዋናው በውፍረትና በስኳር ሕመም ይቀንሳል፤ በዕድሜ፣ በጉበት ሕመም፣ በታይሮይድ መብዛት ይጨምራል። በዚህም የተነሣ ወፍራም ሰው ጠቅላላ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ነፃው ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ምልክትም ያስፈልጋል። በሕመሙ ላይ ይበልጥ የሚያመለክቱት ሦስቱ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ የጠዋት የብልት መቆም መቅረትና ስንፈተ ወሲብ ናቸው። ድካም፣ ንዴትና እንቅልፍ ማጣት ግን ከብዙ ሕመሞችና ከኑሮ ውድነትም ይመጣሉ። ስምንት የአውሮፓ ከተሞችን ያካተተና በ2010 የወጣ ጥናት ሦስቱን ምልክቶች ከዝቅተኛ ቁጥር ጋር አጣምሮ ሲቆጥር፣ ከ40 እስከ 79 ዓመት ባሉት ወንዶች ውስጥ መስፈርቱን ያሟሉት ከመቶ 2.1 ብቻ ነበሩ።

ለምን ይወርዳል?

እውነተኛ ጉድለት ሲገኝ ሐኪሙ ኤልኤችን ያስለካል። ኤልኤች ከፍ ብሎ ቴስቶስተሮን ዝቅ ካለ አንጎል እያዘዘ ቆለጡ አልታዘዘም ማለት ነው። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ቆለጥ ወርዶ፣ ዕጢውን የጎዳ ሥጋ ደዌ፣ የካንሰር ሕክምና፣ ወይም ክላይንፈልተር የተባለው የክሮሞሶም ችግር፣ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ኤልኤች ራሱ ከወረደ ግን ችግሩ ከላይ ነው፤ ፒቱታሪ ላይ የበቀለ እብጠት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ከባድ የምግብ እጥረት። በቂ ሳይበሉ በሳምንት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ወንዶችም በዚህ ይገባሉ፤ ሰውነት ኃይል ሲያጥረው መጀመሪያ የሚዘጋው የመራባትን በር ነው።

በከተማ ያለው የተለመደው ምክንያት ግን ውፍረትና ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ነው። ስብ ቴስቶስተሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል፤ ከስብ ጋር የሚመጣው የሰውነት መቆጣትና የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ደግሞ የአንጎልን ትእዛዝ ያደክማሉ። ኪሎ ሲቀነስ ቁጥሩ ያለ መድኃኒት ይመለሳል። እንቅልፍ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ በ2011 የወጣ አነስተኛ ጥናት አሳይቷል፤ አሥር ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስተሮናቸው ከመቶ 10 እስከ 15 ወረደ።

ዋናው ስጋትም ከዚህ ይመነጫል። ስንፈተ ወሲብ ብዙ ጊዜ የቀጫጭን ደም ሥሮች ጉዳት የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ የልብ ሕመም ከመታየቱ በፊት ዓመታት ሊቀድም ይችላል። ይህን «ቴስቶስተሮን ነው» ብሎ በእንክብል የሸፈነ ሰው ስኳሩንና የደም ግፊቱን ሳያውቅ ይቆያል።

በዓለም ደረጃ የወንዶች ቴስቶስተሮን ከትውልድ ትውልድ እየወረደ ነው የሚለውስ? በ2007 የወጣ የማሳቹሴትስ ጥናት አንድ ዓይነት ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች ሲነጻጸሩ የኋለኞቹ መጠን ከቀደሙት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አንዳንዶች ምክንያቱን በፕላስቲክና በፀረ ተባይ ኬሚካሎች ላይ ያደርጋሉ። ሌሎች ደግሞ የውፍረት መብዛትና የመለኪያ ዘዴዎች መለዋወጥ ብዙውን ያብራራሉ ይላሉ። በእኔ ግምት ውፍረቱ የጎላውን ድርሻ ይወስዳል፤ የኬሚካሎቹ ጉዳይ በእንስሳት ላይ ጠንካራ፣ በሰው ላይ ገና ያልተቋጨ ነው።

መርፌው ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል

በርግጥ ጉድለት ላለበት ሰው ሕክምናው ይጠቅማል፤ ክርክር የለውም። ቆለጡ የማያመርት ወጣት ያለ ሆርሞን አጥንቱ ይሳሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጉርምስናውም አይሞላም። ክርክሩ በዕድሜና በውፍረት በወረደባቸው ወንዶች ላይ ነው። በአሜሪካ ቴስቶስተሮን የሚወስዱ ከ40 ዓመት በላይ ወንዶች ከ2001 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምረዋል፤ ማስታወቂያ እንጂ አዲስ ወረርሽኝ አልገባም።

በ2016 የወጡት ሙከራዎች ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 790 ወንዶችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። የወሲብ ሕይወታቸው በመጠኑ ተሻሻለ፤ ስሜታቸው ትንሽ ተነሣ፤ ሰዎች በዋናነት የሚፈልጉት ብርታት ግን ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላሳየም። በ2023 የወጣው ትራቨርስ የተባለው ሙከራ ደግሞ የልብ ስጋት ያለባቸውን ከ5,200 በላይ ወንዶች አሳትፏል። የልብ ድካም አደጋ፣ ስትሮክና ከዚሁ የመጣ ሞት ሆርሞኑን በወሰዱት ከመቶ 7.0፣ ባልወሰዱት 7.3 ሆነ፤ ልዩነት የለም። የአሜሪካው ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያውን ያነሣው በዚህ ነው። ነገር ግን በዚያው ሙከራ የልብ ምት መዛባት፣ የሳንባ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በወሰዱት ላይ በዝቷል። አጥንት ስብራትም እንዲሁ፤ የአጥንት ጥግግት የሚጨምር መድኃኒት ስብራት ማብዛቱ እስካሁን ጥሩ ማብራሪያ አላገኘም። ከዚህም በላይ ሙከራው የተካሄደው ጉድለታቸው በምርመራ በተረጋገጠ፣ መጠኑ እየተለካ በሚሰጣቸው ሰዎች ላይ ነው። ስለ ጂም መርፌ የሚነግረን ነገር የለም።

የጂሙ መጠን ሌላ ነው። በ1996 በወጣ ጥናት 600 ሚሊ ግራም በሳምንት የወሰዱና ክብደት ያነሡ ወንዶች በአሥር ሳምንት ስድስት ኪሎ ያህል ከስብ የጸዳ ክብደት ጨምረዋል። ጡንቻ ያመጣል፤ «አይሠራም» ብሎ ወጣቱን ማስጠንቀቅ ውሸት ስለሆነ አይሰማም። እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ደሙ ይወፍራል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ልብ ይጎዳል፣ ትርፉ ወደ ኤስትሮጅን ተለውጦ ጡት ያወጣል፣ ዘር ይደርቃል የሚለው ነው። ለአትሌት ደግሞ በማንኛውም ጊዜ የተከለከለ አበረታች ቅመም ነው፤ ላቦራቶሪዎች ሰው ሠራሹን ከተፈጥሮው በካርቦኑ ዓይነት ይለዩታል።

የአብሽ ጉዳይ ቀላል ነው። በአብሽ ጭማቂ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ትንንሽና አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ በአምራቾች የተደገፉ፤ ውጤታቸውም እርስ በርሱ ይጋጫል። አብሽ የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚያወርድ ግን ይታወቃል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእንክብል መልክ አብዝቶ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። «የወንዶች ማር» ግን ቀላል አይደለም። የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2022 እንዲህ ባሉ የማር ምርቶች ውስጥ ያልተጻፈ ሲልደናፊልና ታዳላፊል (የስንፈተ ወሲብ መድኃኒቶች) ማግኘቱን አስታውቋል። «ሠራልኝ» የሚለው ገዢ እውነቱን ነው፤ የሠራው ማሩ ሳይሆን የተደበቀው መድኃኒት ነው፤ ለልብ ሕመም ናይትሬት ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን እስከ ሞት ሊጥል ይችላል። ጾምን በተመለከተም፣ በ2000 በእንግሊዝ በ696 ወንዶች ላይ የወጣ ጥናት የእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ የማይበሉት ቴስቶስተሮናቸው ከሥጋ በሎቹ ያነሰ ሆኖ አላገኘም። ሽሮና ምስር የሚበላ ጾመኛ የሚያሰጋው ነገር የለም፤ የሚያወርደው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን የኃይል እጥረቱ ነው።

ዘር መድረቁ ለየት ያለ ትኩረት ይፈልጋል፤ በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሚስት ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ያወጣው ጥናት ጤነኛ ወንዶች በሳምንት 200 ሚሊ ግራም ቴስቶስተሮን ሲወጉ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ዘራቸው ፈጽሞ እንደጠፋ አሳየ። ዓላማው የወንድ የወሊድ መከላከያ መፈለግ ነበር፤ ሠራም። ያንኑ መድኃኒት ልጅ የሚፈልግ ወንድ «ወንድነቱን እንዲያጠነክር» መውሰዱ ምጸቱ ከባድ ነው። ልጅ ለሚፈልግና እውነተኛ ጉድለት ላለበት ሰው ከላይ ያለውን ትእዛዝ የሚያነቃቁ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ኤልኤችን የሚተካው ኤችሲጂ እና ክሎሚፊን ዋነኞቹ ናቸው፤ ሁለቱም በሐኪም ክትትል የሚወሰዱ።

ያቋረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ይመለስለታል። በወሊድ መከላከያ ጥናቶቹ ተሳትፈው ባቆሙት ላይ በ2006 የተሠራ ድምር ትንታኔ ከመቶ 67 ያህሉ በስድስት ወር፣ 90ዎቹ በዓመት፣ ሁሉም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ጤነኛ የዘር ብዛት እንደሚመለሱ ገምቷል። እነዚህ ግን በልክ የወሰዱ ጤነኛ ወንዶች ናቸው። በጂም ለዓመታት በብዙ እጥፍ የተወጋ ሰው የሚመለስበት ጊዜ ይረዝማል፤ ከመካከላቸው የማይመለስላቸውም አሉ። በድንገት ሲያቆሙ የሚመጣው ድካምና ድብርት ብዙዎችን ወደ መርፌው ስለሚመልሳቸው፣ ማቋረጡም ቢሆን የሆርሞን (የኢንዶክሪን) ሐኪም ሊከታተለው የሚገባ ሕክምና ነው።